12 ዓመት የቆየ የቨርጂኒያ ትምባሆ ከፍቼ ጣዕም አጣሁበት፤ ተበላሽቶ ይሆን?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ፒፓ ማጨስ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። በቅርቡ 12 ዓመት የቆየ፣ ያልተከፈተ የቨርጂኒያ ፍሌክ ጣሳ እጄ ገባ። ስለ ቆየ ቨርጂኒያ ብዙ ሲወራ ስለምሰማ በጉጉት ከፈትኩት። ኮምጣጤ ኮምጣጤ ሸተተኝ። ቅጠሉ ጠቁሯል፤ ላዩ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ አለ። ግድ የለም ብዬ ፒፓዬን ሞልቼ ለኮስኩት። ምላሴን ለበለበኝ። ጣዕሙም ከአዲሱ የተሻለ አልመሰለኝም፤ እንዲያውም ያነሰ ነው። ተበላሽቶ ነው ወይስ ወሬው ነው የበዛው? የቀረውንስ ምን ላድርገው?»

የተበላሸ አይመስለኝም። የኮምጣጤ ሽታ፣ የጠቆረ ቅጠል፣ ነጫጭ ነጠብጣብ፤ ሦስቱም በደህና ባረጀ ቨርጂኒያ ላይ የሚጠበቁ ናቸው። ነጠብጣቡን ብቻ ቀረብ ብለው ማየት አለብዎት። ምላስዎን የለበለበው ግን የትምባሆው ዕድሜ ሳይሆን እርጥበቱና የአጫጫስዎ ፍጥነት ነው ባይ ነኝ። «ሞልቼ ለኮስኩት» ያሉት ብዙ ይናገራል። ከጣሳ የወጣ ፍሌክ፣ ማለትም ታምቆ በስስ በስሱ የተቆረጠ ትምባሆ፣ እንዲያ ተደርጎ አይጨስም። የቆየው ደግሞ ጭራሽ።

በነጩ ነገር እንጀምር። አንድ ፍሌክ ያንሱና መስኮት አጠገብ ብርሃኑ ከጎን እንዲመታው አድርገው ያገላብጡት። አጉሊ መነጽር ካለዎት በጣም ጥሩ። ነጠብጣቡ የሚያብለጨልጭ፣ ጠርዝ ጠርዝ ያለው፣ ቅጠሉ ላይ ልጥፍ ያለ ከሆነ ክሪስታል ነው። በቅጠሉ እርጥበት ውስጥ ሟሙተው የነበሩ ነገሮች ወደ ላይ ወጥተው እዚያው ረግተዋል ማለት ነው። ምንም አይጎዳም፤ ሲጨስም አያስቸግርም። ሻጋታ መልኩ ሌላ ነው። ጸጉራም ነው፤ አያብለጨልጭም፤ ከአንዱ ፍሌክ ወደ ሌላው እንደ ድር ይዘረጋል። በጣት ሲነኩት ይተኛል ወይም ይቦናል። አፍንጫም አይሳሳትም። ሻጋታ የታመቀ፣ የረጠበ ምድር ቤት ይሸታል። ሻጋታ ከሆነ «የነካውን ብቻ ላንሳና ሌላውን ላጭስ» የሚል ብልሃት አይሞክሩ። ጣሳውን እንዳለ ይጣሉት። ዋጋው ቢያንገበግብም ይጣሉት።

ኮምጣጤውም አያስደነግጥዎ። ስኳር የበዛበት ቅጠል ታፍኖ ለዓመታት ሲቀመጥ አሴቲክ አሲድ ቢሸት አይገርምም። አንዳንድ አምራቾች ቅጠሉን ሲያዘጋጁትም ይህ ሽታ ይፈጠራል። የካንሳስ ሲቲው ማክሌላንድ እ.ኤ.አ. በ2018 እስኪዘጋ ድረስ ቨርጂኒያዎቹ የሚታወቁት በዚሁ ሽታ ነበር። አጫሾቹ «ኬቻፕ» ይሉት ነበር፤ ገሚሱ በፍቅር፣ ገሚሱ በምሬት። ጣሳውን ገርበብ አድርገው ለጥቂት ሰዓታት ቢተዉት አብዛኛው ይበናል። ጭሱ ውስጥም አያገኙትም።

ጥቁረቱ ላይ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ቨርጂኒያ እየቆየ ሲሄድ ከቢጫ ወደ ብርቱካናማ፣ ከዚያም ወደ ቡናማ ይሄዳል። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ጥቁር ፍሌክ ሁሉ የቆየ አይደለም። ፋብሪካው ራሱ በእንፋሎት፣ በሙቀትና በግፊት ሊያጠቁረው ይችላል። በእንግሊዟ ኬንዳል ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1792 ጀምሮ የነበረው የሳሙኤል ጋዊዝ ቤት ፉል ቨርጂኒያ ፍሌክ የሚለው ትምባሆ አለው። ገና አዲስ እያለ ጥቁር ነው። ስለዚህ ሻጭ ጣሳ ከፍቶ «እይ እንዴት እንደጠቆረ፣ ስንት ዓመቱ መሰለህ» ቢልዎት ፈገግ ብለው ይለፉት። ዕድሜን የሚናገረው ጣሳው ላይ ያለው የምርት ቁጥር እንጂ ቀለሙ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ከትምባሆ ሁሉ ቨርጂኒያ ለምን በማቆየት ይሻላል? መልሱ ያለው አደራረቁ ላይ ነው። ዛሬ ይህ ትምባሆ የሚበቅለው በቨርጂኒያ ግዛት ብቻ አይደለም። ብራዚልም፣ ዚምባብዌም፣ ህንድም ያመርቱታል። ቅጠሉ በዝግ ቤት ውስጥ ተሰቅሎ፣ የእሳቱ ጭስ ሳይነካው፣ ከቧንቧ በሚወጣ ሙቀት ይደርቃል። መጀመሪያ ላይ 35 እና 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ፣ እርጥበት ባለው አየር ይያዛል። ቅጠሉ በዚህ ጊዜ ገና አልሞተም። ስታርቹን ወደ ስኳር እየለወጠ ቢጫ ይሆናል። ከዚያ ሙቀቱ ደረጃ በደረጃ ይጨመራል። መጨረሻ ላይ የቅጠሉን መሃል አጥንት ለማድረቅ 70 ዲግሪን ያልፋል። ሁሉም ነገር አንድ ሳምንት ገደማ ይፈጃል።

ቁም ነገሩ ይህ ፍጥነት ነው። ቅጠሉ የሠራውን ስኳር ራሱ በልቶ ሳይጨርስ ይደርቃል። በርሊ የሚባለውን ሌላ ዓይነት ትምባሆ ይውሰዱ። እሱ በአየር ላይ ለሳምንታት ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ ስኳሩን እዚያው ይጨርሰዋል። ቨርጂኒያ ግን ከደረቅ ክብደቱ 15 በመቶና ከዚያም በላይ ስኳር ይዞ ሊቀር ይችላል። ለዓመታት የሚሠራበት ስንቅ አለው ማለት ነው።

በነገራችን ላይ ስለዚህ ደማቅ ቢጫ ቅጠል ሲወራ ሁልጊዜ ስሙ የሚነሳ ሰው አለ። ስቲቨን ይባላል። በሰሜን ካሮላይና፣ በካስዌል ካውንቲ፣ በስሌድ ቤተሰብ እርሻ ላይ በባርነት የሚሠራ ሰው ነበር። ትረካው እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ1839 የማድረቂያውን እሳት ሲጠብቅ እንቅልፍ ጣለው። ሲነቃ እሳቱ ሊጠፋ ደርሷል። ሮጦ ከሰል አመጣና ጨመረበት። ድንገት የመጣው ደረቅ ሙቀት ቅጠሉን ወርቅማ አደረገው ይባላል። ትርፉ ወደ ማን ኪስ እንደገባ መናገር አያስፈልግም።

ጣሳው ከታሸገ በኋላ ምን ይሆናል? መጀመሪያ ውስጥ የቀረችው ኦክስጅን ቀስ በቀስ ታልቃለች። ቅጠሉ ላይ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያንም የድርሻቸውን ይሠራሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ዝግተኛ ኬሚስትሪ ነው። ስኳሩና አሚኖ አሲዶቹ እየተዋሃዱ ቅጠሉን ያጠቁሩታል፣ አዳዲስ ሽታዎችንም ይፈጥራሉ። ዳቦ ሲጋገር ቅርፊቱን ቡናማ የሚያደርገው ለውጥ ከዚህ ጋር አንድ ዘር ነው። ልዩነቱ ምድጃው ውስጥ ደቂቃዎች የሚፈጀው እዚህ ዓመታት መፍጀቱ ነው። ብዙ ሰው «ሲቆይ ስኳሩ ይጨምራል» ይላል። አይጨምርም። ለውጡ የሚበላው ያንኑ ስኳር ነው። የሚጨምረው ጣፋጭ የመምሰሉ ነገር ነው፤ ምክንያቱም አብሮት የነበረው ሹል፣ ጥሬ፣ ሳር ሳር የሚል ነገር ይቀንሳል።

እና የእርስዎ ቅሬታ ግማሹ ትክክል ነው። አዲስ ቨርጂኒያ ይጮኻል። ድርቆሽ፣ የሎሚ ልጣጭ፣ ማር፣ አንዳንዴም በርበሬነት ያለው ነገር አፍንጫ ድረስ ይመጣል። የቆየው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚናገረው። የሎሚው ነገር ይጠፋል። ወደ ዳቦ ቅርፊት፣ ዘቢብ፣ ደረቅ በለስ፣ አንዳንዴ ወደ ካካዎ ያደላል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ጣዕሞቹ ተለያይተው አይመጡም፤ እርስ በርስ ተዋህደው ነው የሚመጡት። «እዚህ ጋ ማር፣ እዚህ ጋ ሳር» ብለው ለመቁጠር ቢሞክሩ ላይሳካልዎት ይችላል። ከአዲሱ የበለጠ የሚጮህ ጣዕም ጠብቀው ከገቡ ማዘንዎ አይቀርም። ዕድሜ ድምፅ አይጨምርም። ዕድሜ የሚያደርገው ጫፍ ጫፉን ማለስለስና መሃሉን ማወፈር ነው። ያንን ለማግኘት ደግሞ እርስዎም ዝግ ማለት አለብዎት።

ስንት ዓመት ይበቃል ለሚለው እንደ ቅጠሉ ነው። በጥቅሉ ግን በአንድና ሁለት ዓመት ጥሬነቱ ይለሰልሳል። በ5 ዓመት ልዩነቱ ለማንም ግልጽ ይሆናል። 10 ዓመት ላይ ብዙዎቹ ፍሌኮች ጥሩ ቦታ ላይ ናቸው። ከዚያ ወዲያ ያለው እየተሻለም እየሳሳም ሊሄድ ይችላል። ቢጫና ቀላል የሆነው ቶሎ ይሳሳል። ቀይ ቨርጂኒያ የበዛበት ይጸናል። ከሉዊዚያናው ሴንት ጄምስ ፓሪሽ የሚመጣውና በርሜል ውስጥ በግፊት ተብላልቶ የሚዘጋጀው ፔሪክ የተጨመረበትም በግሩም ሁኔታ ያረጃል። የእርስዎ 12 ዓመት እንግዲህ መልካም ዕድሜ ነው።

አሁን ያንኑ ጣሳ በሌላ መንገድ እንሞክረው።

ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከማድረቅ ነው። የምለው ሁሉ ቢረሳዎት ይህን አይርሱ። አምራቾች ትምባሆው ጣሳ ውስጥ እንዲያረጅና እንዳይሰባበር ብለው እርጥብ አድርገው ያሽጉታል። ብዙ ጊዜ እርጥበቱ ወደ 20 በመቶ ይጠጋል። ለማረጅ ጥሩ፣ ለማጨስ መጥፎ። ለማጨስ 13 ወይም 14 በመቶ አካባቢ ይበቃል። እርጥብ ትምባሆ ሲነድ እንፋሎት ይሆናል። ምላስን የሚቀቅለው እንፋሎቱ ነው። ያቃጠለዎት «ጠንካራ ትምባሆ» አይደለም፤ ትኩስ ውሃ ነው።

አንድ ሁለት ፍሌክ አውጥተው ንጹህ ነጭ ወረቀት ላይ ያኑሩ። መጀመሪያ ሲነኩት ቀዝቀዝ ይላል፤ ጣት ላይም ይጣበቃል። ሲያጥፉት ሳይሰበር እንደ ቆዳ ይታጠፋል። ገና ነው። በመዳፍዎ ቀስ ብለው ያፍረክርኩትና ወረቀቱ ላይ ይበትኑት። ከ20 ደቂቃ በኋላ ተመልሰው በሁለት ጣት ቆንጥረው ይጫኑት። ተጨምቆ እዚያው ከቀረ ገና ነው። ሲለቁት ቀስ ብሎ ከተላቀቀና ጥቂት ቅንጣት ብቻ ከረገፈ ደርሷል። ከንክኪው ጋር ኮሽ ካለና ዱቄት ከሆነ አልፎበታል። እንደ አየሩ ሁኔታ 20 ደቂቃም ሊበቃ፣ ሁለት ሰዓትም ሊፈጅ ይችላል። ሰዓት ሳይሆን ጣትዎን ይመኑ። ጥርጣሬ ከገባዎት ደግሞ ትንሽ ያድርቁት። ትንሽ የበዛ ድርቀት ከትንሽ የበዛ እርጥበት ይሻላል።

በፀሐይ፣ በምድጃ አፍ ወይም በጸጉር ማድረቂያ አያፋጥኑት። 12 ዓመት ተጠራቅሞ የመጣው ሽታ አብሮ ይበናል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እዚህ ቃል በቃል ይሠራል።

ፒፓው ከዚህ በፊት ምን ሲጨስበት ነበር? ቫኒላና ቼሪ የተረጨበት ትምባሆ ከነበረ፣ ወይም በእንጨት ጭስ የሚደርቀው ላታኪያ የበዛበት፣ ያ ሽታ እንጨቱ ውስጥ ገብቷል። ዝቅ ብሎ የሚናገር ትምባሆ እዚያ ላይ ድምፁ አይሰማም። ከቻሉ አንድ ፒፓ ለቨርጂኒያ ብቻ ይለዩ። ውድ መሆን የለበትም። ብራየር፣ ማለትም ከአስታ ሥር የሚሠራው፣ ጥሩ ነው። ሚርሻም ከሚባለው ነጭ ለስላሳ ማዕድን የሚሠራው ደግሞ የራሱን ጣዕም ስለማይጨምር ለቅምሻ የሚወዳደረው የለም። አዲስ የበቆሎ ቆረቆንዳ ፒፓም ከመጀመሪያ ጥቂት ጊዜ በኋላ ይገርምዎታል። ጎድጓዳው ጠበብና ጠለቅ ያለ ቢሆን እመርጣለሁ። ሰፊ ጎድጓዳ ብዙ ትምባሆ በአንዴ ያነዳል፣ ይግላል። ይህ ግን የኔ ምርጫ ነው፤ ተቃራኒውን የሚምሉ ጎበዝ አጫሾች አሉ።

አሞላሉ ላይ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ፍሌኩን ሳያፈርሱ በርዝመቱ አጥፎ፣ ጠምዘዝ አድርጎ ማስገባትና ላዩ ላይ ትንሽ የተፍረከረከ ጣል ማድረግ ነው። በዝግታ ይነዳል፣ ጣዕሙም ይጠልቃል፤ ግን ልምድ ይጠይቃል፤ እየጠፋም ያስቸግራል። ለእርስዎ አሁን የምመክረው ሁለተኛውን ነው። ሙሉ በሙሉ አፍረክርከው፣ ቅንጣቶቹን በራሳቸው ክብደት እንዲወርዱ ጣል ጣል ያድርጉ። ሲሞላ በጣት ጫን ያድርጉት። ከዚያ ሳይለኩሱ ይሳቡ። አየሩ ያለ ችግር መምጣት አለበት። ጉንጭዎ ከተጎደጎደ ጠቅጥቀውታል። ያውጡትና እንደገና ይሙሉት፤ ተለኩሶ የሚስተካከል ነገር አይደለም። የመጀመሪያዎቹን ጊዜያት ጎድጓዳውን ሁለት ሦስተኛ ብቻ ይሙሉት። ብዙ ትምባሆ የበለጠ ጣዕም አይሰጥም።

ክብሪት ከሆነ መጀመሪያ ድኝዋ ነዳ ትለቅ። ነበልባሉን በክብ እያዞሩ ላዩን ያስነኩት። ትምባሆው ወደ ላይ ያብጣል፣ ይነሳል። እንዲጠፋ ይተዉት። ያበጠውን በመጫኛዎ በቀስታ ደልደል ያድርጉት። እንደገና ይለኩሱ። ትክክለኛው ልኮሳ ሁለተኛው ነው። ላይተር የሚጠቀሙ ከሆነ በኃይል የሚተፋውን ዓይነት ተዉት፤ ቅጠሉን ብቻ ሳይሆን የፒፓውን ከንፈርም ያቃጥላል።

ፍጥነቱ ላይ ነው እንግዲህ አብዛኛው ሰው የሚወድቀው። ሲጋራ ያጨስ የነበረ ሰው በተለይ። ብዙ ጭስ ማየት ይፈልጋል። ቨርጂኒያ ከበርሊ ያነሰ ጭስ ነው የሚሰጠው፤ ስለዚህ የበለጠ ይስባል፤ ፒፓው ይግላል፤ ስኳሩ ይቃጠላል፤ የሚቀረው መራራና ትኩስ ነገር ነው። ፍሙ እንደ ተዳፈነ እሳት መሆን አለበት፤ አለ እንጂ አይንቦገቦግም። ሞቅ ያለ ነገር ፉት እንደሚሉ ሆነው ጥቂት፣ ለስላሳ ትንፋሽ ብቻ ይሳቡ። ጎድጓዳውን ጉንጭዎ ላይ ያስነኩት። መታገስ ካቃተዎት ያስቀምጡት፤ ይረፍ። ቢጠፋም ይጥፋ። እንደገና መለኮስ ነውር አይደለም። ፒፓ ሳይጠፋባቸው እስከ መጨረሻ ማጨስን እንደ ጀግንነት የሚቆጥሩ አሉ፤ ጥሩ ነው፣ ጣዕም ግን በዚህ አይለካም።

ጭሱን ወደ ሳንባ አያስገቡት። ጣዕሙ ያለው አፍና አፍንጫ ውስጥ ነው። የምላስ ድርሻ ጣፋጭ፣ መራራ፣ ኮምጣጣ እያለ በጥቂቱ ያበቃል። ዘቢቡንና ዳቦውን የሚለየው አፍንጫ ነው። ጭሱን አፍዎ ውስጥ ይያዙ። አብዛኛውን በከንፈር ይልቀቁ። የቀረችውን ጥቂት ጭስ አፍዎን ዘግተው በአፍንጫ ቀስ ብለው ያስወጡ። መጀመሪያ ላይ ይቆረቁራል። ጭሱ ትንሽ ከሆነ ግን ይለመዳል። ለማነጻጸሪያ አንድ ጊዜ በአዲስ ቨርጂኒያ፣ አንድ ጊዜ በዚህኛው ያድርጉት። አዲሱ አፍንጫን ይወጋል፤ የቆየው ያልፋል። የቆየ ቨርጂኒያ ልዩነቱ ምን ላይ ነው ብለው ከጠየቁኝ፣ ከሁሉም በፊት የምጠቁመው ይህቺን ቦታ ነው።

የመጀመሪያው ሩብ ላይ ፍርድ አይስጡ። ስኳሩ ገና አልሞቀም፤ የክብሪቱም ሽታ አለ። ቨርጂኒያ የሚከፈተው መሃል ላይ ነው። ወደ ታች ሲወርድ ይጠቁራል፣ ይወፍራል። መጨረሻው እርጥብና መራራ ከሆነ ይተዉት፤ እስከ ታች የመጨረስ ግዴታ የለብዎትም። አንድ ዘዴ ልጨምር፤ ሲሶውን አጭሰው ያቁሙና ከጥቂት ሰዓት በኋላ ይመለሱበት። አንዳንድ ፍሌክ በዚህ ጊዜ ጣፋጭነቱ ጎልቶ ይመጣል። ሁሉም ትምባሆ አይወደውም፤ ቨርጂኒያ ግን ብዙ ጊዜ ይወደዋል። አብረው የሚጠጡት ውሃ ይሁን፤ ቢበዛ ስኳር የሌለው ቡና ወይም ሻይ። ጣፋጭ መጠጥ የትምባሆውን ጣፋጭነት ይውጠዋል።

ኒኮቲኑን በተመለከተ አይሞኙ። ለስላሳ ሆነ ማለት ደከመ ማለት አይደለም። የቨርጂኒያ ጭስ አሲዳማ ስለሆነ ኒኮቲኑ በአፍ ውስጥ በዝግታ ነው የሚገባው። «ምንም አልተሰማኝም» እያሉ ቀጥለው መጨረሻ ላይ ሊመታዎት ይችላል። ማላብ፣ ስቅታ፣ ማቅለሽለሽ ከመጣ ወዲያው ያቁሙ፤ ቁጭ ይበሉ፤ ውሃ ይጠጡ። ባዶ ሆድም ለዚህ አይሆንም። ዕድሜ ትምባሆን ጤናማ ያደርገዋል ብሎ የሚያስብ ካለም ያንን ይተወው። ወደ ሳንባ ባይሳብም ፒፓ የአፍ፣ የጉሮሮና የሳንባ ካንሰርን ዕድል ይጨምራል፤ ሱስም ያስይዛል። ይህን እያወቀ የሚያጨስ ሰው በጥቂቱና አልፎ አልፎ ቢያደርገው ይሻለዋል። የቆየ ቨርጂኒያ ደግሞ በባሕርዩም ለየቀኑ የሚሆን ነገር አይደለም።

«ወሬው ነው የበዛው?» ላሉት፦ በከፊል፣ አዎ። በገበያው ላይ ዕድሜና እጥረት ተደባልቀዋል። የተዘጋ ፋብሪካ ጣሳ ዋጋው የሚሰቀለው ሁልጊዜ ስለሚጣፍጥ ሳይሆን ሌላ ስለማይመረት ነው። አዲስ እያለ ተራ የነበረ ትምባሆ ሲያረጅ ያረጀ ተራ ትምባሆ ነው የሚሆነው። ጣሳውም ዝም ብሎ አይታመንም። ክቡና አየር ተስቦ የታሸገው ጣሳ በአብዛኛው ይጸናል፤ አራት ማዕዘኑ ግን አየር የማስገባት ዕድሉ ሰፊ ነው። አየር የገባበት ጣሳ ውስጥ 12 ዓመት አረጀ የሚባለው ትምባሆ 12 ዓመት ሲደርቅ የኖረ ሊሆን ይችላል። ሲገዙ በቀስታ ያነቃንቁት። እርጥበት ያለው ፍሌክ አንድ ላይ ዱብ ዱብ ይላል። የደረቀው ይንኮሻኮሻል። ጠርዙ ላይ ዝገት ካለ ይተዉት፤ ዝገቱ ከውስጥ የመጣ ሊሆን ይችላል። የእርስዎ ጣሳ ሲከፈት ትስ የሚል ድምፅ ከሰጠ እሽጉ እስከ መጨረሻ ይዞ ነበር ማለት ነው።

ከሰው ወሬ ይልቅ በራስዎ ማረጋገጥ ከፈለጉ ርካሹ መንገድ ይህ ነው። የሚወዱትን አዲስ የቨርጂኒያ ፍሌክ ሁለት ጣሳ ይግዙ። አንዱን ያጭሱ፤ ስለ ጣዕሙ ጥቂት መስመር ጽፈው ያኑሩ። ሌላውን ቀን ጽፈውበት ይደብቁት። በዓመቱ ሌላ ጣሳ፣ በዓመቱ ሌላ። በ5ኛው ዓመት የመጀመሪያውን ከአዲሱ ጎን ለጎን ሲያጨሱት የሚፈርደው የራስዎ አፍንጫ ይሆናል። ለሌላ ሰው ዕድሜ ከሚከፍሉት ገንዘብም ይድናሉ።

ለቀረው ትምባሆ ደግሞ እንዲህ ያድርጉ። በተከፈተው ጣሳ ውስጥ አይተዉት፤ ክዳኑ አንዴ ከተላቀቀ እንደገና አየር አይዝም። አፈ ሰፊ፣ የላስቲክ ማኅተም ያለው ክዳን የተገጠመለት የመስታወት ዕቃ ያግኙ። በፈላ ውሃ ያጥቡትና እስከ መጨረሻው ይድረቅ፤ ጠብታ ውሃ እንዳይቀርበት። ፕላስቲክ ከረጢት አየር ያሳልፋል፤ ይቅርብዎት። ትልቅ ዕቃ ግማሽ ድረስ ከመሙላት ሁለት ሦስት ትናንሾችን ሞልተው ቢያሽጉ ይሻላል። አንዱን ሲከፍቱ ሌሎቹ አይነኩም። ውሃ አይርጩበት፤ የብርቱካን ልጣጭ ወይም የድንች ቁራጭ አያስገቡበት። ሻጋታን ከሚጋብዙ ነገሮች የሚስተካከላቸው የለም። ጨለማ፣ ቀዝቀዝ ያለና ሙቀቱ የማይዋዥቅ ቦታ ያኑሩት። ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ድረስ ጥሩ ነው። ፍሪጅ ውስጥ አያስገቡት።

አንዴ የተከፈተ የቆየ ትምባሆ ወደ ቀድሞ መንገዱ አይመለስም። አዲስ አየር ገብቶበታል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሽታው ይለዋወጣል፤ አንዳንዴም ይሻሻላል። ከወራት በኋላ ግን መድከም ሊጀምር ይችላል። ስለዚህ አንዱን ትንሽ ዕቃ ለሚቀጥሉት ሳምንታት ያውጡት፤ ሌላውን በአንድ ዓመት ውስጥ ለመጨረስ ያስቡ። ነገ ግን መጀመሪያ ሁለት ፍሌክ ወረቀት ላይ አውጥተው ያድርቁ፤ ከዚያ ጣዕሙን እንደገና ይንገሩኝ። አሁንም «ምንም አይልም» ካሉኝ፣ ያኔ ስለ ትምባሆው እንነጋገራለን።